እርቅ በፒዛ ትሪ

ፍኖተ ሰላም ላይ ቀይ ቲሸርት ለብሼ፣ ደረቴ ላይ የዶሮ ሥዕል ተለጥፎብኝ «እንኳን በደህና መጡ፣ ምን እንታዘዝ?» ማለት የጀመርኩት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቡሬ ላይ የበርበሬ ነጋዴ ነበርኩ። መንገዱ ዛሬ ሲከፈት ነገ ሲዘጋ፣ የጫንኩት በርበሬ ደጀን ሳይደርስ ቀለሙ እየለቀቀ ሲያስቸግረኝ፣ ንግዱን ተውኩት። ሰው ሲጠይቀኝ «እኔ ተውኩት» እላለሁ። ሚስቴ ስትጠየቅ «ንግዱ ነው የተወው» ትላለች። ሁለታችንም አልዋሸንም።

የምግብ ቤቱን ባለቤት እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም። ባሕር ዳር አንድ፣ ፍኖተ ሰላም አንድ፣ ቡሬ አንድ ቅርንጫፍ አለው። ሦስቱም ጋ ወንበሩ አንድ፣ የግድግዳው ቀለም አንድ፣ የዘይቱ ሽታ አንድ። ባሕር ዳር የበላ ሰው ቡሬ ዓይኑን ጨፍኖ ቢገባ እጅ መታጠቢያውን አይስትም። ኩራታቸው ይህ ነው። ለዚህም ሲባል ባሕር ዳር ወስደው አሠለጠኑን፦ እንዴት ፈገግ እንደሚባል፣ ሳህን ከየትኛው ወገን እንደሚቀርብ፣ እንጀራ እንዴት ተጠቅልሎ በናፕኪን እንደሚታሰር። ለአንድ ሰው አንድ ሳህን፣ ሥጋው በሚዛን፣ ሳህኑም ሜኑው ላይ ያለውን ሥዕል መምሰል አለበት።

ሚዛኑ ነው መጀመሪያ ያስደነገጠኝ። በእኛ ገበያ ሚዛኑ የማያጋድል ነጋዴ ወይ አዲስ ነው፣ ወይ ታሟል። እዚህ ግን ወጥ ቤቱ ሥጋውን ሲመዝን ትንፋሹን ይይዛል፤ ትበልጣለች ብሎ ያነሣታል፣ ታንሳለች ብሎ ይመልሳታል። አንድ ቀን «ጣትህን ትንሽ ብታሳርፍበት ምን አለበት?» ብዬው በክርስትና አባቱ ፊት የሰደብኩት ያህል ነው ያየኝ።

አገሩ ደግሞ ሥልጠናችንን አልሰማም። ከፈረስ ቤት የመጣ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሜ «እንኳን በደህና መጡ፣ ምን እንታዘዝ?» ስለው፣ ዱላውን ተመርኩዞ «እንዴት ዋላችሁ? ደህና ናችሁ? ልጆች ደህና? ከብቱስ?» ይለኛል። ከብት የለኝም። ግን «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነው» እላለሁ፤ የለኝም ማለት ረጅም ወሬ ያመጣል። በናፕኪን የታሰረውን እንጀራ ሳቀርብለት አገላብጦ ያይና፣

«ይኸን ማን ጠቀለለው? ወደየት ሊላክ ነው?» ይላል።

አምስት ሆነው ከመጡ አምስት ሳህን ያዛሉ፤ ከዚያ አምስቱንም ሳህን ገፍተው አንድ ላይ ያጋጥማሉ። የሳህኑ ጠርዝ አስቸግሯቸው እጃቸው እንደ አጥር ዘላይ ከፍ ዝቅ ሲል ማየት ነው። እኛ አገር ብቻውን የሚበላ ወይ የታመመ ነው፣ ወይ የተጣላ። ባሕር ዳር ለሚቀመጡት ይህን ማን ይንገራቸው?

ያም ሆኖ ሥራው ተስማማኝ ብል እውነት ነው። መንገድ ተዘጋ ሲሉኝ ሌሊት መገላበጥ ቀረ። ዝናብ ሲዘንብ የሚርስብኝ ጆንያ የለም። የበርበሬ ዋጋ ወጣ ሲባል የሰው ሠርግ እንደሚሰማ ሰው «እሰይ ይሁንላቸው» ብዬ ሳህኔን አነሣለሁ። ነጋዴ ጓደኞቼ መስኮቱ ላይ ተደግፈው «አንተ ዶሮ!» እያሉ ይሥቁብኛል። እኔም «ግቡና ላስተናግዳችሁ» እላቸዋለሁ። ገብተው ሲበሉ መሣቁን ይረሱታል።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን በበዓለ ሃምሳ የሆነውን ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ሥጋ የሚበላበት፣ የእኛም ቤት ወንበር የሚሞላበት ሰሞን።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ቄስ ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ። ለመብላት አልመጡም። ጣሪያውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ከዚያ ደረቴ ላይ ያለችውን ዶሮ አዩ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ቤት የማን ነው?»

«የባሕር ዳር ሰው ነው ይላሉ፣ አባ።»

«አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«እዚህ ዘመድ አለው?»

«የለውም።»

«መሬትስ?»

«የለውም፤ ይህም ኪራይ ነው።»

«እሰይ!» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የማንም ያልሆነ ቤት ስፈልግ ነበር የከረምኩ።»

ነገሩን አጫወቱኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጡ የሁለት ወንድማማቾች የንስሐ አባት ናቸው። አባት ሲሞት መሬቱ ለሁለት ተከፈለ። ታላቅየው ወሰኑ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ባሕር ዛፉ አደገና ጥላውን በታናሽየው በቆሎ ላይ ጣለ፤ ሥሩም ውኃውን ጠጣበት። ከዚያ በኋላ ያለውን መተረክ አያስፈልግም፤ ጎጃም ውስጥ ባሕር ዛፍ ወሰን ላይ ተተክሎ በሰላም ያደገበት ቦታ ካለ አሳዩኝ። እናትየዋ ሁለቱን ሲሸመግሉ ሰነበቱ፣ አልሆነም። በመጨረሻ «እናንተ ከአንድ ገበታ ላይ እስክትቆርሱ ድረስ ከሁለታችሁም ቤት እህል አልቀምስም» ብለው ምለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከተማ እኅታቸው ዘንድ ገቡ። ከመኸር ጀምሮ እዚያው ናቸው። ቤታቸው፣ ዶሮዎቻቸው፣ የባላቸው መቃብር ሁሉ እዚያ ቀርቶ፣ በሰው ምድጃ ዳር ተቀምጠዋል።

«ነገሩ አልቋል» አሉ ቄሱ። «ታላቅየው ዛፉን ሊቆርጥ ተስማምቷል። የቀረው አብሮ መቁረሱ ነው። በታላቅየው ቤት እንዳላደርገው ታናሹ ‹ደጁ አስጠናኝ› ይላል። በታናሹ ቤት እንዳላደርገው ታላቁ ‹ታናሼ ጠራኝ› ይላል። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ወይ ከዚህ ወይ ከዚያ ወግኗል። እንዲያው የማንም ያልሆነ ቤት ቢገኝ ብዬ ነው።»

ለካስ የእኛ ቤት ጥቅሙ ይህ ነበር። ባለቤቱ ቢሰማ ለማስታወቂያ ያደርገው ነበር።

«ይምጡ አባ» አልኩ። ሳልጠይቅ ነው ያልኩት።

በማግሥቱ ለምሳ መጡ። ከእነርሱ በፊት ግን ቅርንጫፎቹን እየዞረች የምታይ ተቆጣጣሪ ከባሕር ዳር ደርሳለች። ልጅ እግር ናት፤ ጠባይዋ መልካም ነው፣ ዓይኗ ግን ሳህን ላይ ነው። ጥግ ትይዝና የሚወጣውን ሳህን ሁሉ በስልኳ እያነሣች ከሜኑው ሥዕል ጋር ታስተያያለች። የሰላጣ ቅጠል ወደ ግራ ከዞረች ትጠራሃለች።

እናትየዋ መሐል፣ ልጆቹ ግራና ቀኝ፣ ቄሱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ታላቅየውን ሳየው አወቅሁት። በርበሬ ያመጣልኝ የነበረ ሰው ነው። ሚዛን እንዲያነሣለት ውኃ ያርከፈክፍበት ነበር፤ እኔም ይህን ስለማውቅ ሚዛኔን አዘጋጅቼ እጠብቀው ነበር። ተከባብረን ነው የኖርነው። ከእጁ ትርፍ ነገር ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም። ታናሽየው ቀጠን ያለ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው የማያነሣ ነው። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው አውቶቡስ ይቆጥራሉ።

ጥብስ አዘዙ። እኔ ወደ ተቆጣጣሪዋ ሄድኩ።

«እኅቴ፣ እነዚህ ሰዎች በአንድ ትሪ ነው የሚፈልጉት። እርቅ ነው።»

«ጋሼ፣ ትሪ እኮ የለንም። ለአንድ ሰው አንድ ሳህን ነው።»

«እርቅ ነው እኮ የምልሽ።»

«ቢሆንስ? ባሕር ዳርም ሰው ይታረቃል።»

እንዴት እንደሚታረቅ ልጠይቃት ነበር፤ ግን ወጥ ቤቱ ደወለ። ሳህኖቹ ተደርድረዋል፤ እንጀራው በናፕኪን ታስሯል፤ ሁሉም ቁርጥ ሥዕሉን መስለዋል። እሷ ስልኳን አንሥታ ታየኛለች። ተሸክሜ ሄድኩ። ከግራ ወገን አቀረብኩ፣ እንደተማርኩት።

ታናሽየው መጀመሪያ የወንድሙን ሳህን፣ ቀጥሎ የራሱን አየ።

«የያያ ሳህን አጥንት የለውም» አለ፤ ታላቁን ያያ ነው የሚለው።

«ምን አልክ?» አለ ታላቅየው።

«ምንም። ላንተ ዳቢት፣ ለእኔ አጥንት አልኩ። እዚህም ቀድመህ አስለክተህ ነው?»

«እኔ ምን አስለካሁ! ሥጋውን የለካሁት እኔ ነኝ? እንካ፣ ውሰደው!»

«አልፈልግም፤ በድርሻዬ እኖራለሁ። መቼስ ለምጄዋለሁ።»

«ድርሻ! አሁንም ድርሻ!»

ሥጋው በሚዛን እኩል እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሚዛን አጥንትና ሥጋ አይለይም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልናስታርቅ ብንመጣ አካፈላችኋቸው» አሉ።

እናትየዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፣ ጠረጴዛውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ወዴት ነው እማማ?» አልኳቸው።

«ወደ እኅቴ ልሂድ ልጄ። ምድጃ ዳር መቀመጥ አያንሰኝም። ያንተ ጥፋት አይደለም።»

ጥፋት አይደለም መባል እንዲህ የሚከብድ አይመስለኝም ነበር። መቼም እሳቸው ያን በር ከወጡ የሚመልሳቸው አልነበረም፤ ሁለተኛ ቀን የሚቀጥርም ሽማግሌ አይገኝም። ስንት ጊዜ ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ሊመታቱ ሲሉ አንዲት ቃል አጣልታቸው ተበትነው አይቻለሁ። እንዲህ ሲሆን ደላላ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ አይከራከርም፣ ይንቀሳቀሳል።

«እማማ፣ በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ይቀመጡልኝ። የእኛ ስሕተት ነው፤ የእናንተ ምግብ ገና አልመጣም» ብዬ ሳህኖቹን ሁሉ ጠራርጌ ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ።

ትሪ የለም አልኳችሁ። ከመደርደሪያው ላይ ግን ቤቱ ሲከፈት የመጣ አንድ ትልቅ የፒዛ ትሪ ነበር፤ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። በከተማችን ያን የሚያህል ፒዛ ያዘዘ ሰው አልተገኘም። ፕላስቲኩን ቦጨቅሁት።

«ኧረግ! እሱ የቤተሰብ ፒዛ ነው!» አለ ወጥ ቤቱ።

«እነዚህስ ምንድን ናቸው?» አልኩት።

እንጀራውን ከናፕኪኑ ፈትቼ ዘረጋሁት፤ ጥብሱን ሁሉ ላዩ ላይ ገለበጥኩት። ተቆጣጣሪዋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ይህ ሜኑው ላይ የለም።»

«እንግዲያው ፎቶ አንሺውና ይኑር» ብዬ አለፍኳት።

ጠረጴዛው ዘንድ ስደርስ እናትየዋ ገና አልተቀመጡም፤ ግን አልወጡም። ትሪውን መሐላቸው ላስቀምጥ ጎንበስ አልኩ። የፒዛ ትሪ ጠርዝ እንደሌለው፣ ሥሩም ሸርታታ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ትሪው አዘነበለ። ጥብሱም ቅቤውን ተከትሎ ተንሸራተተና ሄዶ ታላቅየው ፊት ክምር አለ። ታናሽየው ፊት የቀረው እንጀራና አንዲት ሽንኩርት ብቻ ነው።

ማንኪያ ፈልጌ ልመልሰው ስል ቄሱ ቆመው ማዕዱን መባረክ ጀመሩ። በጸሎት መሐል ጥብስ የሚያካፍል ሰው አይቼ አላውቅም። ቆምኩ። ቄሱም የፈጠነ ጸሎት ያላቸው ሰው አይደሉም። እኔም በበኩሌ ስጸልይ ነበር፤ ጌታ ሆይ፣ ያን ሥጋ ወደዚያ መልሰው አልኩ፤ እንዲህ ያለ ልመና ሰማይ ደርሶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ታናሽየው ሽንኩርቷን ያያል። ታላቅየው ክምሩን ያያል። እኔ ደግሞ በርበሬውን ውኃ ያርከፈክፍ የነበረውን እጅ አያለሁ።

«አሜን» ተባለ።

ማንም እጁን አልዘረጋም። እናትየዋ እንደቆሙ ናቸው። ውጭ አንድ አውቶቡስ ጥሩምባ ነፋ።

ታላቅየው እንጀራ ቆረሰ። እጁን ወደ ሥጋው ሰደደ፣ ጠቅልሎ ሊጎርስ ነው ብዬ ዓይኔን ወደ ጣሪያው አነሣሁ። ስመልሰው ሰውየው በቁራሹ እንጀራ ክምሩን እየገፋ፣ ትሪውን አቋርጦ ወንድሙ ፊት አድርሶታል። ለራሱ ምንም አላስቀረም።

«እንካ» አለው። «ወሰን አልፎ መጥቶብኝ ነው። ያንተ ነው።»

ታናሽየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። አፉ ዳር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላውቅም። እሱም ከፊሉን መልሶ ወደ መሐል ገፋው።

«መሐል ይሁን ያያ። ከመሐሉ እንብላ።»

ከዚያ ጠቅልሎ ወደ ወንድሙ አፍ ዘረጋ። ታላቅየው ጎረሰ፤ አፉ ሞልቶ መናገር አቃተው። እሱም አጎረሰው፤ ዓይናቸው ውስጥ ያለውን የበርበሬ ነው እንበል፤ ጥብሱ ግን በርበሬ አልነበረውም። እናትየዋ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ጠቅልለው ዘረጉላቸው፤ የማንን አስቀድመው እንደሚጎርሱ ግራ ገብቷቸው ትንሽ ቆዩና የሁለቱንም ባንድ ላይ ጎረሱ። አኘኩ፣ ዋጡ። ቄሱም እኔም ምን ሊሉ ነው ብለን አፍ አፋቸውን እናያለን።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

በሦስቱም ቅርንጫፍ ጨዉ አንድ ነው ልላቸው አልደፈርኩም፤ ሮጬ ጨው አመጣሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሙሉ መኪና በርበሬ ጭኜ ኬላ ሲከፈትልኝ እንኳ እንደዚያ ቀን አልተነፈስኩም። ግድግዳውን ተደግፌ ስቆም ጀርባዬ ላይ ያለው ቲሸርት እንደተጣበቀ አወቅሁት።

ተቆጣጣሪዋ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከትታዋለች።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «አሁን ይህን ምን ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው?»

«ፒዛ በይው።»

«ፒዛ አይብ አለው እኮ።»

«የጾም ነው በያቸው።»

«በሃምሳው ምን ጾም አለ ጋሼ!» ብላ አፏን በእጇ ይዛ ሣቀች። ሥልጠና ላይ ያላስተማሩን ዓይነት ሣቅ ነው፤ ጥርሷ ሁሉ ታየ።

በኋላ ወሬው ገበያ ደረሰ፤ ወሬ መንገድ አይዘጋበትም። እኔ ሥጋውን ሆን ብዬ ወደ ታላቅየው እንዳደረግሁት፣ ልፈትነው ብዬ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ብልሃት ነጋዴ ብቻ እንደሚያውቅ አወሩ። እጄ ተንቀጥቅጦ ነው ብዬ ለሁለት ሰው ነገርኩ፤ ሁለቱም «ትሕትናው!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ተውኩት። ሳይከፍሉበት የመጣን ስም መመለስ በእኛ ሙያ አልተለመደም። ባሕር ዳር ያሉትም የሆነ ነገር ሰምተው ኖሯል፤ ትሪ ላኩልን፤ ጠርዝ ያለው።

ያን ቀን ግን ነገሩ ገና አላለቀም ነበር። በልተው ሲጨርሱ፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ቄሱ ተመስገን ብለው ጃንጥላቸውን ሲያነሡ፣ በሩ ላይ ድምፅ ሰማሁ።

«ወደ እኔ ነው የሚገቡት!» ይላል ታላቅየው።

«ኧረ በል! ከእኔ ጋር ነው የሚያድሩት። ጎጆውን ጠርጌ ጎዝጉዤ ነው የመጣሁ!» ይላል ታናሽየው።

«ታላቅ እያለ?»

«ታላቅ ቢኖርስ? ከመኸር ወዲህ የት ነበርክ?»

የያዝኩትን ሳህን አስቀምጬ ወደ በሩ ሄድኩ። ቄሱን «አባ፣ ይግቡበት እንጂ!» አልኳቸው።

ቄሱ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። «እኔ በዚህኛው አልሸመግልም» አሉ። «ይህ ጥል ይክረም።»

እናትየዋ ባጃጁ ውስጥ ቀድመው ገብተው ተቀምጠዋል። አንገታቸውን ብቅ አድርገው ሁለቱንም አዩአቸው።

«የሁለታችሁ ቤት በአንዲት ወሰን ነው የተለያየው» አሉ። «እራቴን እዚያ በልቼ እዚህ አድራለሁ። አሁን ግቡ፤ ዶሮዎቼን ማን እንደቆጠራቸው ልይ።»

ሁለቱም ግራና ቀኝ ገቡ። ባጃጁ ሲነሣ አሁንም የማን ቤት ለመንገዱ እንደሚቀርብ ይከራከሩ ነበር።